የበረራ ቁጥር ጠባይ፦ መነሻ ጥናት

የበረራ ቁጥር የአየር መንገዶች የሹመት መዝገብ ነው። ማስረጃው በየትኬቱ ላይ ታትሞ ሳለ እስካሁን ልብ ሳይባል የቀረው መንገደኛው ዓይኑን የወንበር ቁጥሩ ላይ ስለሚተክል ነው፤ መስኮት ደረሰው ወይስ መሐል።

ደንቡ አጭር ነው። ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር፣ አያታ፣ ለየአየር መንገዱ ሁለት ምልክት ይሰጣል፤ ለእኛው ኢቲ ደርሶታል። ከዚያ በኋላ ያለውን ቁጥር፣ እስከ አራት አሃዝ ድረስ፣ ባለቤቱ ለወደደው ይሰጣል። የቤቱ ልጅ ማን እንደሆነ የሚታወቀው ቁጥር 1 ሲታደል ነው። ኤምሬትስ ከዱባይ ለንደን ለሚበረው፣ ኳንታስም ከሲድኒ ለንደን ለሚበረው ሰጡት። የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቁጥር 1 ከድምፅ ይፈጥን የነበረው አውሮፕላን፣ የኮንኮርድ ነበር። ኮንኮርድ በ2003 እ.ኤ.አ. በጡረታ ተሰናበተ፤ በ2009 ማዕረጉ 32 ወንበር ብቻ ላላት አንዲት ኤርባስ ተሰጠ። እሷም ከድምፅ መፍጠኑ ቀርቶ፣ ኒው ዮርክ ለመግባት አየርላንድ ላይ አርፋ ነዳጅ መቅዳት ነበረባት። ሹመት በውርስ ሲተላለፍ ይህ ያለ ነው።

ወደ አገራችን እንምጣ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዓለምን በመቶ ቤት ከፋፍሏታል። አሜሪካ በብዛት 500 ቤት ናት፤ ዱባይና ሩቅ ምሥራቅ 600፣ አውሮፓ 700፣ ደቡባዊው አፍሪካ 800፣ ምዕራብ አፍሪካ 900። የአገር ውስጡ 100 ቤት ላይ ነው፤ ለቤተሰብ ቅድሚያ ተሰጥቷል ብለን በበጎ እንተርጉመው።

አስቸጋሪው ጉዳይ ተጋማሽና ጎዶሎው ነው። የመጀመሪያው መላ ምት፣ ከአዲስ አበባ የሚወጣ ተጋማሽ፣ የሚመለስ ጎዶሎ ይይዛል ይላል። ዋሽንግተን በ500 ተሂዶ በ501 ይመለሳል፤ ለንደን በ700 ተሂዶ በ701። በርበሬና ሽሮ ሞልቶ የሚወጣ መንገደኛ ሙሉ ቁጥር ቢሰጠው አግባብ ነው፤ ከዱባይ የሚመለሰውን ሻንጣ ያየ ግን ጎዶሎ ብሎ ለመጥራት አይደፍርም። መላ ምቱን የጣለው ግን ሻንጣ ሳይሆን ሌጎስ ነው። ሌጎስ በ901 ተሂዶ በ900 ይመለሳል። ጆሃንስበርግም በ809 ተሂዶ በ808።

ስለዚህ ኮምፓስ ማውጣት ግድ ሆነ። በአሜሪካ አየር መንገዶች ዘንድ የቆየ ልማድ አለ፤ ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን የሚበር ተጋማሽ፣ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ የሚበር ጎዶሎ ይይዛል። አየር መንገዳችን በ1945 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም አብሮት የነበረው ቲደብሊውኤ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። ይህ ማስረጃ አይሆንም፤ ለጥናት ግን ከበቂ በላይ ነው። በኮምፓሱ ሲታይ ዱባይ ምሥራቅ፣ ለንደን ሰሜን፣ ሌጎስ ምዕራብ፣ ጆሃንስበርግ ደቡብ፤ ሁሉም በየወንበሩ ቁጭ አለ። ዋሽንግተን ሰሜን ምዕራብ በመሆኗ በሁለት በኩል ስትጎተት ሰሜን ረትቷል፤ ይግባኝ ያለ የለም።

የቀረችው ናይሮቢ ናት። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ መሆኗን ካርታውም አብራሪውም ይመሰክራሉ። ወደ እርሷ የሚሄደው በረራ ግን ተጋማሽ ቁጥር ይዞ ይነሣል። ጥናቱ ናይሮቢን ጎረቤት ስለሆነች በይሉኝታ አልፏታል።

ቦሌ ላይ አበባ ይዘው በሚጠባበቁ ዘመዶች ዘንድ ይህ ሁሉ ዕውቀት ዋጋ የለውም። እነርሱ የሚያውቁት «የዋሽንግተኑ» እና «የዱባዩ» የሚባል አውሮፕላን ነው። ቁጥር ጠቅሶ የጠየቀ ሰው ከተገኘ ወይ ታክሲ ነጂ ነው፣ ወይ የመጣው ሰው ዕዳ አለበት።

ኮድ ሼር የሚባለው ነገር፣ ማለትም አንዱን በረራ አጋር አየር መንገዶች በየራሳቸው ቁጥር መሸጣቸው፣ ደግሞ ሹመቱን ጨርሶ ያደበላልቀዋል። አየር መንገዳችን ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስታር አሊያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ነው። ትኬቱን ከአጋሩ ከአሜሪካው ዩናይትድ የገዛ ሰው እዚያው የዋሽንግተኑ አውሮፕላን ላይ አራት አሃዝ ባለው ቁጥር ይሳፈራል፤ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት መንገደኞች በሁለት የተለያየ በረራ ይሄዳሉ ማለት ነው። በዚህ ስሌት ሁለት ጊዜ ሻንጣ ማስመዘን ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። አይቻልም። ሚዛኑ ቁጥር አይጠይቅም፤ 23 ኪሎ ካለፈ በርበሬው ይወጣል።