ሁሉም በየጆሮው

የቤተሰብ መኪና የሚባለው ነገር አንድ መሪና አምስት ሹፌር ያለው ዕቃ ነው። መሪውን የምይዘው እኔ ልሁን እንጂ ፍሬኑ ያለው ባለቤቴ እግር ሥር ነው፤ ከጎኔ ተቀምጣ ባዶውን ወለል ስትረግጥ መኪናው ሲቆም በዓይኔ አይቻለሁ። ፍጥነቱን የሚወስኑት ከኋላ የተቀመጡት አማቴ ናቸው። ሬዲዮው የልጄ፣ መስኮቱ የልጅቷ ነው። ያለ ክርክር የኔ የሆነው ቤንዚኑ ብቻ ነው።

መኪናዋ ክሮስኦቨር የሚሏት ዓይነት ናት፤ ከሩቅ ሲያዩዋት ላንድክሩዘር ለመሆን ያሰበች፣ ጎንበስ ብለው ሲያዩዋት አውቶሞቢል ሆና የቀረች። ቶዮታ በ1994 እ.ኤ.አ. ራቭ ፎርን ይዞ ብቅ ካለ ወዲህ ጃፓኑም ኮሪያውም ጀርመኑም በዚህ ዓይነቱ ይነግዳል። የፒክአፑ ሻንሲ ይቀርና ወለሉና ቤቱ አንድ ላይ የተበየደ የአውቶሞቢል አካል እግሩ ከፍ፣ ጣሪያው ቀና ይደረጋል። ገዢው ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሰው ደግሞ አንድ ቀን ገጠር እወጣለሁ ብሎ ያስባል። እኛም እናስባለን። የኛዋ ከየትኛው ፋብሪካ እንደወጣች ግን አልናገርም፤ ስሟ በተጠራ ቁጥር ሶማሌ ተራ ላይ የዕቃዋ ዋጋ ይጨምራል።

«ለምን አትሸጧትም?» የሚለን ሰው አይጠፋም። ብዙውን ጊዜ ውጭ አገር ከርሞ የመጣ ነው። እዚያ መኪና ሲያረጅ ይረክሳል አሉ። እዚህ ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ ዕድሜው በገፋ ቁጥር ግብሩን አከበደበት፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ጭራሽ እንዳይገባ ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ በግቢያችን ውስጥ ባረጀ ቁጥር እየከበረ የሄደ ፍጥረት እሷ ብቻ ናት። ደላላው ሳይቀር «አንቺ» ትቶ «እርስዎ» ሊላት ምንም አልቀረው።

ታዲያ ይህች የተከበረች መኪና አንድ ክረምት ላይ አመል አወጣች። ጠዋት ስትነሣ ደህና ናት። አውቶማቲክ ስለሆነች ማርሹን የምትቀይረው ራሷ ነች፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ መቀየሯንም ልብ አንልም። መገናኛ ጋ ከመኪናው መዓት ውስጥ ገብታ ስትሞቅ ግን ከሁለት ወደ ሦስት ልትሻገር ትልና ትንሽ ታስባለች፤ ከዚያ በእርግጫ እንደተመታች በቅሎ ትፈናጠራለች። አማቴ «በስመ አብ!» ይላሉ፤ የልጅቷ ስልክ ከእጇ ይወድቃል፤ ባለቤቴ ወለሏን ትረግጣለች።

ምርመራው ቤት ውስጥ ተጀመረ። ባለቤቴ ቤንዚኑ ነው አለች፤ ሰልፉ አጠር ያለበትን ማደያ ስለምመርጥ ከድሮም ማደያዬን አታምነውም። ልጄ «ሶፍትዌር ነው፣ ሪሴት ይፈልጋል» አለ። እሱ ፍሪጅ ሲበላሽም ሪሴት ነው የሚለው። አማቴ ዓይን ነው አሉ፤ የማን ዓይን እንደሆነም ያውቃሉ። ለፋሲካ በጉን ስናወርድ አጥሩ ላይ ብቅ ብላ «እንዴት ያለች መኪና ናት እናንተ!» ያለችው ጎረቤታችን ናት። ወዲያው በሃይላንድ ያስቀመጡትን ጸበል አምጥተው ከኮፈኗ እስከ ኋላ በሯ ረጩላት።

እኔ በበኩሌ የጠረጠርኩት ከፍታውን ነበር። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች አየሯ ስስ ነው፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ቢሆን ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ጉልበቱም ሩብ ገደማ ይጎድላል። ፋብሪካው ከጻፈላት የፈረስ ጉልበት ሩቡ ጅቡቲ ወደብ ላይ ቀረ ማለት ነው፤ ያውም ቀረጡን ከከፈልንበት በኋላ። ውኃም እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ራዲያተሩን ከመንተክተክ የሚያድነው ግፊቱን አፍኖ የሚይዝለት ክዳኑ ነው። ይህን ሁሉ እራት ላይ በሰፊው አብራራሁ። ባለቤቴ እስክጨርስ ጠበቀችኝና «እሺ፣ ጠዋት ጠዋት ከተማው ዝቅ ይላል?» አለችኝ።

ጋራዥ ወሰድናት። ጋራዥ ስል አንድ ቦታ እንዳይመስላችሁ። በዚህ ከተማ መኪና የሚታመመው በየብልቱ ነው፤ እግር የሚሠራው ሌላ፣ ሞተር የሚያወርደው ሌላ፣ ኤሌክትሪሽያኑ ሌላ፣ ጎሚስታው ሌላ። ጆሮም አብሮ ተከፋፍሏል፤ ሁሉም የሚሰማው የሚሠራውን ነው።

የእግር መካኒኩ ከጎኔ ተቀምጦ ሰፈሩን አንድ ዙር ዞርን። መኪናዋ ቀዝቅዛ ስለነበር አንዴም አልተፈናጠረች፤ የሠርግ መኪና ሆና ዋለች። ሰውየው ግን ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል።

«ሰማሃት ጋሼ?» አለኝ።

«ምኑን?»

«ጎሚኒውን ነዋ! አልቆልሃል።»

ከሥር ገብቶ በብረት ነቀነቃት፤ እውነትም ተነቃነቀች። በዚህ ዕድሜ ማን ይነቀነቅና አይነቃነቅም? አሮጌውን ጎሚኒ ፈትቶ በላስቲክ አሲያዘኝና ሶማሌ ተራ ሰደደኝ። ባለሱቁ ጎሚኒውን ተቀብሎ መጀመሪያ በአውራ ጣቱ ጥፍር ወጋው፤ ቀጥሎ አሸተተው፤ ቀጥሎ ወደ ብርሃን አንሥቶ በቀዳዳው በኩል እኔን አየኝ።

«ይሄ አብሯት የመጣው ነው» አለ። «አልተነካም።»

«ኦሪጅናል አለህ?»

«ኦሪጅናልም አለ፣ ታይዋንም አለ፣ የዱባይ ዩዝድም አለ።»

«ኦሪጅናሉ ስንት ነው?»

«የታይዋኑን ልንገርህ?»

ይህ ርኅራኄ ነው። የኦሪጅናሉን ዋጋ ቆሞ መስማት የማይችል ሰው ከፊቱ ይታወቃል። የታይዋኑን ገዛሁ፤ ተገጠመ። መኪናዋ ጉድጓድ ስትገባ ዝም አለች። እርግጫው ግን እንዳለ ነው፤ እንዲያውም ሌላው ኳኳታ ስለጠፋ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ወደ ካምቢዮው ሰው ሄድን። እሱ መንዳትም አላስፈለገው። በሩ ላይ ቆሜ ገና «ከሁለት ወደ…» ከማለቴ «ይወርዳል» አለ። ዋጋውን ሲጠራ ባለቤቴ ከመኪናው ወረደች። ከቦርሳዋ ሶፍት አወጣችና «ዘይቱን አሳየኝ» አለችው። ረዳቱ መለኪያውን መዝዞ ሶፍቱ ላይ አንድ ጠብታ ጣል አደረገላት። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት አዲስ ሲሆን ቀይ ነው፤ ውስጥ ያለው ፍሪሲዮን መቃጠል ሲጀምር ይጠቁራል፣ ሽታውም ይለወጣል። ሶፍቱ ላይ የተንጣለለው ጠብታ ቀይ ነበር፤ ዳር ዳሩ ብቻ ትንሽ ደብዘዝ ብሏል። ባለቤቴ ወጥ ሲያር ከሦስተኛው ቤት የምትለይ ሴት ናት። አሸተተችው።

«አላረረም» አለች።

«እትዬ፣ ይሄ ወጥ አይደለም።»

«አላረረማ! ታዲያ ምን ሊደረግ ነው የሚወርደው?» ብላ ተመልሳ ገባች። ይህን እውቀት ከየት እንዳመጣችው እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

በዚህ መሃል ልጄ መመርመሪያ የምትሆን ትንሽ ብሉቱዝ ገዝቶ መጣ። ከመሪው ሥር ካለው ሶኬት ላይ ትሰካለች። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ አውቶሞቢል ሁሉ ይህ ሶኬት እንዲኖረው ተገዷል፤ ሌላውም ዓለም ቀስ በቀስ ተከትሏል። ስልኩ ላይ ፒ0755 የሚል ወጣ፤ ሺፍት ሶሌኖይድ ቢ። ልጄ ፎቶውን ለካምቢዮው ሰው ላከለት። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «ይወርዳል።»

ኮድ ክስ እንጂ ፍርድ አይደለም። ኮምፒውተሩ «በዚህ መስመር የላክሁት መልእክት አልደረሰም» ይላል እንጂ ማን እንዳስቀረው አይናገርም። ሶሌኖይዱ ሊሆን ይችላል፣ ሽቦው ሊሆን ይችላል፣ ራሱ ከሳሹም ሊሆን ይችላል። ስንቱ ጤነኛ ሴንሰር በዚህ ዓይነት ክስ ተነቅሎ ተጥሏል! ኤሌክትሪሽያኑ ግን ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካው፤ ደህና ሆነበት። «ኮምፒውተሩን አውጥቼ ልስጣችሁ፣ ቲቪ ለሚሠራ ሰው አሳዩት፤ ይሄ የኔ ሥራ አይደለም» አለን። በዚህ ሁሉ ዙረት «የኔ ሥራ አይደለም» ያለን ሰው እሱ ብቻ ስለሆነ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ።

ኮምፒውተሩ የተቀበረው ከዳሽቦርዱ መሳቢያ ጀርባ ነው። ቲቪ ጠጋኙ ክዳኑን ፈትቶ ሰሌዳውን በማጉያ መነጽር እያየ ቆየና «ና እይ ጋሼ» አለኝ። ከአንዲቷ ብየዳ ዙሪያ ቀጭን ጥቁር ቀለበት ዞሯል፤ ብየዳው ተሰንጥቋል። ሲቀዘቅዝ ጫፍና ጫፉ ይነካካል፤ ሰሌዳው ሲሞቅ ይለጠጥና ይለያያል። ጠዋት ጠዋት ጨዋ የምትሆነው ለዚህ ኖሯል። ካውያውን አስጠጋ፤ ጭስ ብን አለ፤ ብየዳው ቀልጦ አብረቀረቀ። የጠየቀኝ ገንዘብ ከታይዋኑ ጎሚኒ ያንሳል። «ቲቪ ቢሆን ኖሮ ትንሽ ያስቸግረኝ ነበር» አለ።

ለሙከራ ሁላችንም ተጭነን ወደ እንጦጦ ወጣን። ያች መኪና ውስጥ እንደዚያ ቀን ጸጥታ ሰፍኖ አያውቅም፤ ሁሉም ጆሮውን አቁሟል። ከሁለት ወደ ሦስት ተሻገረች። ማንም አልተነፈሰም። ልጅቷ የጆሮ ማዳመጫዋን አውጥታ «ቆመች እንዴ?» አለች።

ካምቢዮ ባለመውረዱ የተረፈውን ብር ሁሉም ኪሳችን እንዳለ አድርጎ ቆጠረው። ያልነበረ ብር ሲተርፍ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። «እንግዲህ እናሻሽላት» ተባለ። ልጅቷ ፈጣን ቻርጀር አለች፤ አማቴ የወንበር ፎደራና የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል፤ ባለቤቴ ፖርቶመጋላ፤ ልጄ የኋላ ካሜራ ያለው አንድሮይድ ስክሪን። እኔ አዲስ ጎማ አልኩ። ድምፅ ተሰጥቶ ጎማው ወደቀ።

ፖርቶመጋላው ከ60 በላይ ስንነዳ ያፏጫል። ከባለቤቴ በስተቀር ሁላችንም እንሰማዋለን። እሷ የሚሰማት ከስክሪኑ የሚወጣው ዘፈን ነው፤ ልጄ ደግሞ እሱን ዝግ ያለ ነው ይላል።

ከዚያ ሰኞ ሰኞ ጠዋት አልነሣ ማለት አመጣች። ቁልፉን ሳዞር «ጥክ» ትልና ዝም። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ደህና ናት። ባትሪ ሻጩ ባትሪው ሞቷል አለ፤ ዲናሞ ጠምጣሚው ዲናሞው ነው አለ፤ ልጄ ሪሴት አለ። የደረሱበት አማቴ ናቸው። ኪዳን ለማድረስ ገና ሳይነጋ ሲወጡ መኪናዋ ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን ያያሉ። «ልጄ፣ ያቺ መኪና ሌሊት አትተኛም እንዴ?» አሉኝ።

ያው የማከብረው ኤሌክትሪሽያን መጥቶ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታና መለኪያውን መሃል አገባ። የተኛች መኪና የምትወስደው ቢበዛ 0.05 አምፔር ነው፤ የኛዋ 0.6 ላይ ቆማለች። ስሌቱን እኔ ሠራሁት፤ ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት 60 ሰዓት ገደማ ነው፤ በ0.6 ሲባዛ 36፤ ከባለ 60 ባትሪ ከግማሽ በላዩ ፈሷል። ያረጀ ባትሪ በቀረው ሞተር አያስነሣም። ስክሪኑን የገጠመው ልጅ ሁልጊዜ ከባትሪ ጋር የሚውለውን ቢጫ ሽቦና ቁልፍ ሲከፈት ብቻ መብራት ያለበትን ቀይ ሽቦ አንድ ላይ ጠምዝዞ በፕላስተር አስሯቸዋል። ሲለያዩ መለኪያው 0.03 ላይ ወረደ።

«ከምኑ ኖሯል?» አሉ አማቴ።

«ከስክሪኑና ከካሜራው ነው እማማ።»

«ካሜራው ደግሞ የቱ ነው?»

ልጄ ወደ ኋላ ወስዶ ከታርጋዋ በላይ ያለችውን ክብ መስታወት አሳያቸው። አማቴ ጎንበስ ብለው አዩዋት፤ እሷም አየቻቸው።

«ዓይን ነው አላልኩም?» አሉ።

የዚያች አጥር ላይ ብቅ ያለችው ጎረቤታችን ባል በቅርቡ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታው «አሁንም ቤንዚን ትሰለፋላችሁ?» ሆኗል። አንድ ጠዋት በራችንን አንኳኳ፤ መኪናው ድምፅዋን አጥፍታበታለች። ሄጄ አየኋት። ትልቁ ባትሪ ትናንት ቻርጅ ተደርጓል። ዳሩ ግን በሩን፣ ኮምፒውተሩንና ትልቁን ባትሪ ከሞተሩ የሚያገናኘውን ማብሪያ የሚያንቀሳቅሰው እንደኛው ያለ ተራ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው፤ እሱ ከሞተ ትልቁ ሙሉ ሆኖም ቁልፉ የጠፋ ጎተራ ነው። ልጄ ምክር ሊሰጥ አፉን ከፈተ፤ እናቱን አየና መልሶ ዘጋው።

መኪናችንን አስጠጋኋት። ኬብሉን ዘረጋን፣ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር። ቁልፉን አዞርኩ፤ በአንዴ ተነሣች። ጎረቤታችን ጆሮውን ወደ ኮፈኗ አዘንብሎ «ይቺ ሞተሯ ትንሽ አይንኳኳም?» አለ። አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ከበረንዳው ያያሉ።

«ያቺኛዋ ቤንዚን አትጠጣም አላላችሁም?»

«አትጠጣም እማማ።»

«ታዲያ ከኛዋ ምኗን ነው የምትቀዱላት?»

«ባትሪ ነው።»

ትንሽ አሰቡ።

«ቀስ እያላችሁ፤ ለሰኞም አስቀሩላት።»