የሁለት ዓመት ሕፃን «ራበኝ» አነሣሥና አፈጻጸም፦ ቅድመ ጥናት

«ራበኝ» የሚለው ቃል በአንድ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ቤት በየትኛው ሰዓት እንደሚነገር ለተከታተለ ሰው፣ ቃሉ ከረሃብ ጋር ያለው ዝምድና የሩቅ መሆኑ ግልጽ ነው። ሽሮ በእንጀራ ተጠቅልሎ አፉ ድረስ ሲመጣለት የሁለት ዓመቱ ሕፃን (ከዚህ በኋላ «ማሙሽ» እየተባለ የሚጠራው) ከንፈሩን ገጥሞ ፊቱን ያዞራል። ትሪው ተነሥቶ፣ እናቱ እጇን ታጥባ አረፍ ስትል ረሃቡ ይደርሳል። የሚደርሰውም ለብስኩት ነው። ለሽሮ የደረሰበት ጊዜ እስካሁን አልተመዘገበም።

ቀስቃሽ ምክንያቶቹ የታወቁ ናቸው። የብስኩት ላስቲክ ኮሽታ ከጓዳ እስከ መኝታ ቤት ይሰማል፤ «ና ገላህን ታጠብ» የሚለው ጥሪ ግን በዚያው ርቀት አይሰማም። እናት ስልክ ስታነሣ ረሃቡም አብሮ ይነሣል። ከሁሉም የሚበረታው እንግዳ ፊት ነው፤ ምክንያቱም ማሙሽ ገና መቁጠር ባይችልም እንግዳ ፊት ልጅን መከልከል ነውር መሆኑን ያውቃል። እንግዳውም ሚናውን አይስትም፦ «ኧረ ስጪው፣ ልጅ አይደል!»

ለፍትሕ ሲባል ጥያቄው መሠረት እንዳለው መጠቀስ አለበት። የሕፃን ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው በኪሎ ወደ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ተብሎ ይሰላል፤ ማሙሽ 10 ኪሎ ቢመዝን አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ያህል መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ ምግብ፣ እንዳስፈላጊነቱም 1 ወይም 2 መክሰስ ይመክራል። ስለዚህ መክሰስ ሕጋዊ ነው። ክርክሩ ሰባተኛው ላይ ነው።

ማሙሽ ማንበብ ቢችል ኖሮ አሜሪካዊቷን የሕፃናት ሐኪም ክላራ ዴቪስን ይጠቅስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1928 ባሳተመችው ጥናት ጡት የተዉ ሕፃናት ከቀረበላቸው ምግብ የፈለጉትን፣ የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ ተፈቅዶላቸው በደህና አደጉ። ሪኬትስ የነበረበት አንዱ እስኪድን ድረስ የዓሣ ጉበት ዘይቱን በራሱ ፈቃድ ይጠጣ ነበር። ይሁንና ከቀረቡት ምግቦች መካከል ስኳርም ብስኩትም አልነበረም፤ ብልሃቱም እዚያ ዝርዝር ላይ እንደነበር ዴቪስ ራሷ በኋላ ጽፋለች። ማሙሽ ይህን ገጽ የሚዘልለው ይመስላል።

የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ኤለን ሳተር ደግሞ ሥልጣኑን ለሁለት ከፍላዋለች፦ ምን፣ መቼና የት የሚለው የወላጅ፤ መብላት አለመብላቱና መጠኑ የልጁ። ጥሩ ሕግ ነው፤ አያትን የሚመለከት አንቀጽ ግን የለውም። እማማ የነጠላቸውን ጫፍ ሲፈቱ የሚወጣው ከረሜላ በሰዓት አይተዳደርም። ቆሎ እንኳ የሚያቀርቡበት ጊዜ አለ፤ ሐኪሞች ግን ለውዝና ጠጣር ጥሬ ስለሚያንቅ ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥ ይላሉ። የእማማ መልስ አጭር ነው፦ «እናንተን በምን አሳደግናችሁ?»

እናት በበኩሏ መክሰስን ለአሥር ሰዓት ቀጥራ፣ ከዚያ በፊት ለሚመጣ ረሃብ የተቀቀለ ድንች አቀረበች። የተራበ ድንቹን ይበላል፤ ያልተራበ ይጋለጣል። ማሙሽ ድንቹን አገላብጦ አየና መለሰላት፦

«ድንች አልራበኝም። ብስኩት ነው የራበኝ።»

ፈተናው እዚህ ላይ ተቋረጠ፤ በሩን የከፈቱት እማማ ነበሩ።