ውሻ በቀጠሮ የሚቆረጥበት ዘመን

ይኸውላችሁ እኩዮቼ፣ ከዚህም ደረስን። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልጄ ቤት፣ ጋቢዬን ተከናንቤ ነው የማጫውታችሁ። ከአጠገቤ አንድ ውሻ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሶፋ ላይ ተጋድሟል። ሶፋ ላይ! ስሙ ደግሞ ቴዲ። እኔ የማውቀው ቴዲ በስንት ስለት የተገኘ የሰው ልጅ ነው። ልጄ ሐበሻ ምግብ ቤት ደጃፍ ላይ ስትጣራ ሁለት ጎልማሶች «አቤት» ብለው ሲዞሩ በዓይኔ አይቻለሁ።

ይሁን፣ ስሙን ተውኩት። ያቃጠለኝ ፀጉሩ ነው። ጎልደንዱድል ይሉታል፣ ከጎልደን ሪትሪቨርና ከፑድል የተዳቀለ። በፑድል ወገኑ ፀጉሩ ብዙ አይረግፍም፤ ዝም ብሎ ያድጋል፣ ያድጋል፣ ይጠላለፋል። እ.ኤ.አ. በ1989 ዋሊ ኮንሮን የሚባል አውስትራሊያዊ፣ ባሏ የውሻ ፀጉር ለማይስማማው ዓይነ ስውር ሴት መሪ ውሻ ፈልጎ ላብራዶርን ከፑድል አዳቀለ። ለበጎ ነበር። ኋላ ዓለሙ ሁሉ ሲከተለው «ምነው ባልጀመርኩት» አለ። ጀማሪው ከተጸጸተ እኔ ምን ልሁን?

ዋጋውን ልንገራችሁ፣ ቁጭ በሉ። ማጠብ፣ ማድረቅ፣ መቁረጥ፣ ጥፍር፣ ጆሮ፤ 120 ዶላር። ጉርሻው 20 በመቶ፣ 24 ዶላር። ይህ በየስድስት ሳምንቱ ነው! በዓመት ብደምረው 1,250 ገደማ መጣ። እኔ በጉብዝናዬ በስሙኒ ዋርካ ሥር ስቆረጥ ጆሮዬ ትንሽ ይደማል እንጂ ወሬው በነጻ ነበር። ፀጉሩ ከተቋጠረ ደግሞ ለመፍቻ ሌላ ሒሳብ አለ፤ ከባሰበትም መጎተቱ ያሳምመዋል ብለው ሙልጭ አድርገው ይላጩታል። በመኪና ደጅ ድረስ መጥቶ የሚያጥብም አለ፣ እሱ ከሱቁ ይወደዳል። ቆራጩ ቤቱ ድረስ የሚመጣለት፣ ምነው፣ የራስ ልጅ ነው?

የእኛን ቡቺ ክረምቱ ያጥበዋል፣ የመስከረም ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ጥፍሩን ኮረቱ ይሞርደዋል። ሽታውማ ዕጣን ነበር ማለት ይቻላል። እርግጥ እናቴ ደጃፍ አታስረግጠውም፣ እኛም በእጃችን አንነካውም፣ እንጨት ነበረን። ቁንጫም ቢሆን የዚያን ጊዜው ቁንጫ ጨዋ ነበር፣ ልኩን ያውቃል። ውሻ ማሞላቀቅ የሚባል ነገር አናውቅም። ቅልጥሙ ብቻ ተለይቶ ይቀመጥለታል፤ ቡቺ ሳይበላ አባቴ ከማዕድ አይነሳም። ያ ሌላ ነገር ነው።

መቼም አባት ነኝና መከርኳት። «ልጄ፣ ዕቁብ ግቢ።»

«ለቴዲ ነው አባዬ?»

«ለቴዲ!»

በወር 105 ዶላር ለብቻው ከተቀመጠ የዓመቱን ይችላል። ዳኛውም ጸሐፊውም እኔ ነኝ፤ ዕጣው ሁልጊዜ ለቴዲ ይወጣል። ወጪውን ለመቀነስ ደግሞ አጠር አድርጎ ማስቆረጥ ነው፣ ያኔ ቀጠሮው ወደ ስምንት ሳምንት ይገፋና በዓመት 300 ዶላር ገደማ ይተርፋል። ይህን ያሰላሁት እኔ ነኝ። ቆራጯ ልጅ መቀሷን ስታነሳ ግን «አደራ፣ አጭር አይሁን፣ ፊቱ ላይ አያምርበትም» አልኳት፤ እውነት ነው፣ አያምርበትም።

ትልቁ ቁጠባ ማበጠሩ ነው። ላይ ላዩን ማባበስ ዋጋ የለውም፤ በሽቦ ብሩሽ ከቆዳው ጀምሮ፣ ከዚያ በብረት ማበጠሪያ፣ በተለይ ጆሮው ሥር፣ ብብቱ፣ ማሰሪያው የሚፈትገው ቦታ። ቋጠሮው ሳይፈታ ቤት ውስጥ ማጠብ ደግሞ ጭራሽ ማጥበቅ ነው። የዛሬ ልጆች ለዚህ ጊዜ የላቸውም፣ ስልክ ላይ ናቸው። ማታ ማታ ዜና እያየሁ የማበጥረው እኔ ነኝ፤ ለልጄ ገንዘብ ብዬ እንጂ ለውሻው እንዳይመስላችሁ። ዜናው መሃል ላይ ተነስቶ ቢሄድ ግን እቀየመዋለሁ።

ባለፈው ደግሞ አንገቱ ላይ ሰማያዊ መሐረብ አስረውለት መጣ። ወቸው ጉድ! ለውሻ መሐረብ! ያውም እንዲህ ያለ ተራ ጨርቅ። ለፋሲካ ጥለት ያለው የሸማ መሐረብ ላሰፋለት ብዬ እዚሁ ያለችውን ሰፊ ጠየቅኳት፤ 40 ዶላር አለችኝ። አልተከራከርኩም፤ ለጥለት ሥራ ርካሽ ነው።