የሰይጣንን ሚና ለማን እንስጥ?

የሰንበት ትምህርት ቤት ድራማ ሲዘጋጅ በብርቱ የሚመከርበት ጉዳይ አንድ ነው፦ ሰይጣን ማን ይሁን? ለመልአክነት ነጠላዋ የጸዳ ልጅ ሁሉ ትበቃለች፤ ቆማ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግራ ትወጣለች። ጻድቁም የጥጥ ጺሙ እስካልወደቀ ድረስ ምንም አይጎድልበትም። ሰይጣን ግን ተሰጥኦ ይጠይቃል። ስለዚህ ከመዘምራኑ መካከል ቀልድ የሚያውቀው ይመረጥና፣ ጥቁር ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ፊቱን በከሰል ለቅልቆ ሲገባ አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። ወሎ፣ ወግዲ ውስጥ ባየሁት ድራማ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሲስቁ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ይኼ ሰይጣን የማን ልጅ ነው? እግዜር ይባርከው!» አሉኝ። ሰይጣንን ያስመረቀ ስብከት እስከዛሬ ሰምቼ አላውቅም።

በቤተ ክርስቲያን ግቢ መሳቅ ነውር ነው የሚሉ አሉ። እኔ ከእነሱ ወገን አይደለሁም። አለቃ ገብረ ሐና የዝማሜ ሊቅ ነበሩ፤ የተክሌ አቋቋም ከእሳቸውና ከልጃቸው ስም ጋር እስከዛሬ ይነሳል። ያም ሆኖ የቤተ መንግሥቱ ሹማምንት ከምላሳቸው አልዳኑም። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት ሲጽፉ «የአውሬዎች ኮሜዲያ» አሉት፤ አውሬዎቹ ባለሥልጣኖቹን አለቅጥ መሰሉና በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። የሁለቱም ስሕተት ያው ነው፦ ሽቅብ መሳቅ። ሽቅብ ቢተፉ ተመልሶ ባፉ ነውና። የዛሬው የድራማ ደራሲ ከዚህ ተምሯል፤ የሚስቀው ቁልቁል ነው።

ቁልቁል ደግሞ ሰው ሞልቷል። ተብታባው አሽከር አለ። ይንተባተባል፤ ይሳቃል። ደግሞ ይንተባተባል፤ ደግሞ ይሳቃል። በሦስተኛው ማይክራፎኑም ያግዘዋል። ሙሴ አፉ ኮልታፋ እንደነበረ በኦሪት ዘጸአት ተጽፏል፤ ደግነቱ ፈርዖን ፊት እንጂ እኛ መድረክ ላይ አልወጣም። ትምህርት የማይገባው የቆሎ ተማሪም አለ፤ የኔታ በኮረኮሙት ቁጥር ሕዝቡ ይፈነድቃል። የጎረቤታችን የቦረናው አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ በልጅነታቸው ፊደል አልዘለቅ ብሏቸው ሐይቅ እስጢፋኖስ እህል ሲፈጩ መኖራቸው ይተረካል። በኋላ «መጽሐፈ ምሥጢር»ን ባይጽፉ ኖሮ ጥሩ ገጸ ባሕርይ ይወጣቸው ነበር።

ትንሽ ከእኛ ራቅ ስንል ደግሞ፣ እሳቸው በኖሩበት በ15ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች ከዌክፊልድ ከተማ ጋር ስሙ የሚያያዝ አንድ የገና ድራማ ነበራቸው። ማክ የሚባል ሌባ የእረኞችን በግ ይሰርቅና ሚስቱ እንደ ጨቅላ ጠቅልላ የሕፃን አልጋ ላይ ታስተኛዋለች። ከእረኞቹ አንዱ ሕፃኑን ሊስመው ጎንበስ ሲል አፍንጫው ይረዝምበታል። ሌባውን በሸራ ሽቅብ እያጎኑ ይቀጡታል። ወዲያው መልአክ ይዘምራል፤ እነዚያው እረኞች ቤተ ልሔም ወርደው በግርግም የተኛውን እውነተኛ በግ ያገኛሉ። ቀልዱን ብታወጣው ምሥጢሩ አብሮ ይወጣል። ምን ዓይነት አድካሚ ሥራ ነው! የእኛ ሲሆን ቀልዱ ሃምሳ ደቂቃ ይሄዳል፤ ሰካራሙ ይሰክራል፣ ይወድቃል፣ ሚስቱን በሌላ ስም ይጠራል። ከዚያ ስልክ ላይ የተጫነ በገና ይለቀቃል፤ ሰካራሙ በሁለት ደቂቃ ንስሐ ገብቶ፣ ቆርቦ፣ እጅ ነስቶ ይወጣል። ይህን ፍጥነት የንስሐ አባቶች ቢያውቁት ቀኖና መስጠት ይተዉ ነበር።

የሁሉም ንጉሥ ግን ገጠሬው ነው። ወግዲ ያየሁት ድራማ ጽሑፍ አዲስ አበባ ተጽፎ በስልክ የተላከ ነበር። አንድ ባላገር ከወሎ ገጠር ይነሣና አዲስ አበባ ይገባል። የልብስ መሸጫ በር ላይ የቆመውን አሻንጉሊት እጅ ይነሳል፤ መልስ ሲያጣ ይቆጣል። ሊፍት ውስጥ የገባች አሮጊት ቆይታ ወጣት ሆና ስትወጣ ያይና ሚስቱን ሊያመጣ ይሮጣል። ንግግሩ ጎተት ያለ፣ ካፉ የሚወጣው ሁሉ ስሕተት ነው። በመጨረሻ የሚመክረው፣ ሱፍ የለበሰ የከተማ ልጅ ነው፤ እግዚአብሔርም ከተሜ መሆኑ በዚህ ይታወቃል።

አዘጋጆቹን ያስጨነቃቸው አልባሳት ብቻ ነበር። ለመካሪው የሚሆን ሱፍ ፍለጋ መካነ ሰላም ድረስ ተልኳል። ለገጠሬው የሚያስፈልገውን ጋቢ፣ ዱላና በረባሶ ግን ተመልካቹ ለብሶትና ይዞት ነው የመጣው፤ ግማሹ ከዓባይ በረሃ አፋፍ ተነሥቶ ግማሽ ቀን በእግሩ ሲጓዝ የዋለ ሰው ነው። ተዋናዩ ልጅ በሩ ላይ አባቱን አገኛቸውና፣ «አባ፣ ጋቢውን ለአንድ አፍታ» አላቸው። አውልቀው ሰጡት፤ ዱላውንም ጨመሩለት።

ልጁ ገና ብቅ ሲል፣ አንድ ቃል ሳይናገር፣ ጋቢው ብቻ አዳራሹን በሳቅ አፈረሰው። አባትየው ሦስተኛው ረድፍ ላይ በስስ ሸሚዝ፣ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ተቀምጠዋል። የደጋው ብርድ በበሩ ስንጥቅ ይገባል። ከሰው ሁሉ በላይ የሚስቁት እሳቸው ናቸው፤ እጃቸውን የሚያወጡት ለማጨብጨብ ብቻ ነው።