የጉግስ ፈረስን አደብዝዞ ማንሻ ስድስት መንገዶች

በጥር ወር የጎጃም ፈረስ አደባባይ ይወጣል። ከደምበጫ ተነሥታችሁ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ አድርጋችሁ ወደ እንጅባራ ስትዘልቁ፣ በጥምቀት ታቦት የሚያጅብ ፈረሰኛ አለ፤ ጥር 23 ደግሞ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል እንጅባራ ላይ ይከበራል። በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው ይህ ማኅበር የዓድዋ ዘማች ፈረሶችን ውለታ ያስታውሳል። ፈረሰኛው ፈረሱን ሲቀልብ፣ ግላሱንና ልጓሙን ሲያሳምር ከርሞ ነው ለዚያ ቀን የሚበቃው። ከልፋቱ የሚተርፈው ፎቶ ቡናማ ጭጋግ ብቻ ቢሆን ደስ የሚለው ካለ፣ የሚከተለውን ምክር አንድ ሳያስቀር ይፈጽም።

1. ሹተሩን ለካሜራው ተዉለት። ካሜራው ፈረስ ይሁን ድንጋይ፣ ሁሌ አይለይም። የሚጋልብ ፈረስ በሰከንድ ወደ 12 ሜትር ይሄዳል። ሹተሩ ለ1/60 ሰከንድ ከተከፈተ፣ ፈረሱ በዚያች ቅጽበት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ዓይኑም ልጓሙም ተቀላቅሎ ይሰመራል። በ1/1000 ግን መንገዱ ከ1 ሴንቲ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ፎቶውን የሚወድ ሰው ከ1/1000 ይጀምር፤ ፈረሱ ፊት ለፊቱ በአግድም የሚያልፍ ከሆነ ወደ 1/2000 ያድርሰው። ወደ ካሜራው የሚመጣ ፈረስ ያን ያህል አይደበዝዝም።

2. አይኤስኦውን 100 ላይ ቆልፉት። ፈጣን ሹተር ብርሃን ይሻል፤ ብርሃኑን ከነፈጋችሁት ፎቶው ወይ ይጨልማል ወይ ይደበዝዛል። ጥርት ባለ የቀትር ፀሐይ አይኤስኦ 400 እና አፐርቸር 8 ብታደርጉ 1/1600 ታገኛላችሁ። ደመና ሲሆን ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አይኤስኦውን ወደ 1600 ከፍ አድርጉ። ነጠብጣብ የበዛበት ግን ጥርት ያለ ፊት፣ ከለሰለሰና ከጠፋ ፊት ይሻላል።

3. ፎከሱን አንዴ ይዛችሁ ፈረሱን ጠብቁ። ፈረሱ እስኪደርስ ፎከሱ በቀድሞ ቦታው ይቀራል፤ ጥርት ብሎ የሚወጣውም ከኋላው ያለው ሣር ነው። መፍትሔው ፎከሱ ፈረሱን ተከታትሎ እንዲሄድ ማዘዝ ነው፤ በሶኒና በናይኮን ኤኤፍ-ሲ፣ በካነን ኤአይ ሰርቮ ወይም ሰርቮ ይባላል። ነጥቡን ፈረሰኛው ደረት ላይ ወይም የፈረሱ ራስ ላይ አሳርፉ።

4. በስልክ ከሩቅ ዙም ጎትቱ። የስልክ ዙም ከሌንሱ አቅም ካለፈ ሥዕሉን ቆርጦ ያሳድጋል እንጂ አያቀርብም፤ የእጅ መንቀጥቀጡንም አብሮ ያጎላል። አዋቂ ቦታ ይመርጣል። አንዱ ዘንግ ይዞ ሲያሳድድ ሌላው በሚሸሽበት የጉግስ ጨዋታ፣ የሚሸሸው ፈረሰኛ ዞር ብሎ በጋሻው የሚመክትበት፣ ፈረሱም ለመታጠፍ ፍጥነቱን የሚቀንስበት ጥግ አለ፤ ከተመልካቹ መስመር ሳይወጡ እዚያ ትይዩ መቆም ነው። ሜዳው ውስጥ መግባት ለእናንተም፣ ለፈረሱም፣ ለፈረሰኛውም አደጋ ነው። ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ የጣት ቅባትና አቧራ ብቻውን ፎቶ ያደበዝዛል። ስልኩ ፕሮ የሚል ምርጫ ካለው ሹተሩን ራሳችሁ ወስኑ።

5. ፈረሱ ፊታችሁ ሲደርስ ተጫኑና ወዲያው ቀጥ በሉ። እንዲህ ያደረገ ጭራ ይዞ ይመለሳል። እግርን ተክሎ፣ ክንድን ከጎን አጣብቆ፣ ፈረሱን ከሩቅ በሌንስ ተቀብሎ፣ ከወገብ እየዞሩ ማጀብ ያስፈልጋል፤ ከተጫናችሁ በኋላም ዙሩን አታቋርጡ። በተከታታይ የሚያነሣውን ምርጫ አብሩና ፈረሱ ከመድረሱ ጥቂት ቀድማችሁ ጀምሩ። ይህን ለመልመድ ጥርን መጠበቅ አያሻም፤ ደምበጫን አቋርጦ በሚያልፈው አስፋልት ዳር፣ ከመንገዱ ፈንጠር ብላችሁ፣ የሚመላለሰውን ባጃጅ ቀኑን ሙሉ ማጀብ ትችላላችሁ። ባጃጁ ላይ የተጻፈው ከተነበበላችሁ እጃችሁ እየተገራ ነው።

6. ጨዋታውን ሳታውቁ ሂዱ። ከሁሉም የሚያበላሸው ይህ ነው፤ ወሳኟ ቅጽበት እጅግ አጭር ናትና። በ1993 ዓ.ም በሲድኒ ኦሊምፒክ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ነበር። የሰው ጣት ደግሞ ዓይን ያየውን ለመፈጸም 20 መቶኛ ሰከንድ ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ አይቼ ልጫን ያለ ሰው ቀድሞ ተሸንፏል። በ1878 እ.ኤ.አ. ፎቶ አንሺው ኤድዋርድ መይብሪጅ በካሊፎርኒያ የሚጋልብ ፈረስ አራቱም እግሮች ከመሬት የሚለቁበት ጊዜ እንዳለ በፎቶ ያስመሰከረው፣ 12 ካሜራ በመንገዱ ዳር ደርድሮ፣ ፈረሱ ሲያልፍ ራሱ ከካሜራዎቹ ጋር የተያያዘውን ክር እንዲነካ አስቀድሞ ስላሰናዳ ነው። ለእኛ ያ ክር እውቀት ነው፦ ማን ሊያሳድድ እንደተዘጋጀ፣ ዘንጉ መቼ እንደሚወረወር፣ ፈረሱ በየት እንደሚታጠፍ ማወቅ። ይህን የሚያስተምሯችሁ አጠገባችሁ የቆሙት የቀድሞ ጋላቢ አባቶች ናቸው፤ ካሜራውን ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቋቸው።

ፎቶው ጥርት ብሎ ከወጣ በኋላም ሥራው አላለቀም። ፈረሰኛውን ፈልጉት፣ አሳዩት፣ አሳትማችሁ ስጡት። ልጆቹ አባታቸው ጥር ላይ እንዴት እንደጋለበ የሚያዩት በዚያ ወረቀት ነውና፣ ትጋታችሁ ለእነሱ ይገባቸዋል።