በወር አንድ ስንዝር

ለኮንዶሚኒየም በ1997 ተመዘገብኩ። በ2005 ደግሞ «ነባር» ተብዬ እንደገና ተመዘገብኩ። ከዕጣው በፊት ጡረታው ደረሰኝና ሲኤምሲ ልጄ ግቢ ገባሁ። አሁን የምተኛው ኮንቴይነር ውስጥ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከጣሊያን የግንባታ ድርጅት ነው ይላሉ፤ በቤት ሠሪ ስም በሚጠራ ሰፈር እኔ ሳጥን ውስጥ!

ጉዱን ያመጣው አማቼ ነው። «አባባ፣ ኪራይ እየከፈሉ ባለቤት ይሆናሉ» አለኝ። 30 ወር ከፍሎ መገላገል ነው አለ። እሱን ብሎ መገላገል!

ኅዳር ላይ ክሬን አጥሩን አሻግሮ አስቀመጠው። ባዶውን ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን ብረት አናቴ ላይ ሲወዛወዝ ጎረቤቱ ወጥቶ ተመለከተ፤ እኔ ሚካኤልን ተማጸንኩ። መቼም በጅቡቲና በሞጆ ደረቅ ወደብ ሳያልፍ አልቀረም፤ ከእኔ የበለጠ አገር አይቷል። ማልኮም ማክሊን የሚባል አሜሪካዊ በ1956 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 58 እንዲህ ዓይነት ሳጥን መርከብ ላይ ሲጭን፣ ለዕቃ ብሎ እንጂ ሪህ ላለበት ሽማግሌ ብሎ አልነበረም። መስኮቱን በግራይንደር ቆርጠው አወጡለት። በሩን ግን አልነኩትም፤ አሁንም በብረት ዘንግ ነው የሚቀረቀረው። ሌሊት ለሽንት ስነሳ ሲጢጥ ሲል የግቢው ውሻ ይጮኻል፣ ውሻው ሲጮኽ ዘበኛው ይነሳል፣ ዘበኛው «ማነው?» ይለኛል። በገዛ ሽንቴ ተጠያቂ ሆንኩ።

ቀን ምጣድ ነው፤ ሌሊት ደግሞ ብርዱ ከየካ ተራራ ወርዶ እኔን ብሎ ይመጣል።

ግንቦት ላይ ማፍሰስ ጀመረ። ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ውሉን ይዩት፤ ጥገናው የገዢ ነው» አለኝ የአከራዩ ድርጅት ሠራተኛ።

«እንዲያ ከሆነ በጓሮ በኩል ደህና በር ላስከፍትለት።»

«አይቻልም ጋሼ፤ እርስዎ እኮ ገና ተከራይ ነዎት።»

ሲያፈስ ገዢ፣ ሲከፈት ተከራይ! እንዲህ ያለ ብልጥ እኛ ዘመን አልነበረም፤ ቢኖርም አይሳቅለትም ነበር።

የልጅ ልጄ ሕግ ትማራለች። የካፒታል ዕቃ ኪራይ አዋጅ ቁጥር 103/1990ን አውጥታ አነበበችልኝ። «አያቴ፣ ይሄ ለማሽን ምናምን ነው፣ ለእርስዎ ቆርቆሮ አይሆንም» አለች። ይሁን፤ እኔ ተዋስኩት። እዚያ ላይ ዱቤ ግዢ የሚሉት አለ፦ ተከራዩ በከፈለ ቁጥር ከባለቤትነቱ እኩል ድርሻ እየተላለፈለት ይሄዳል፤ የመጨረሻውን የከፈለ ዕለት ንብረቱ ጠቅላላ የእሱ ይሆናል። ይህን ስሰማ ጠመኔ አስመጣሁ።

ሳጥኑ ባለ 20 ጫማ ነው፤ 6 ሜትር ገደማ። ለ30 ወር ሲካፈል በወር 20 ሳንቲ ሜትር፤ ያው አንድ ስንዝር። ከራስጌ ጀምሬ ወለሉ ላይ ለካሁ። ከኅዳር እስከ ግንቦት ሰባት ወር ከፍያለሁ፤ 1 ሜትር ከ40 የእኔ ነው። እዚያ ላይ አሰመርኩና ደወልኩ።

«የሚያፈሰው 1 ሜትር ከ80 ላይ ነው። እሱ ገና የእናንተ ነው፤ መጥታችሁ ድፈኑ።»

ዝም አለ። ቆይቶ፣ «ጋሼ… ከየት በኩል ነው መለካት የጀመሩት?»

«ከራስጌ ነዋ!»

ስልኩን በእጁ ሸፈነ መሰለኝ፤ ከወዲያ የብዙ ሰው ሳቅ ተሰማኝ።

ማንም አልመጣም። እስከ ጉልበቴ በግል፣ ከጉልበቴ በታች በኪራይ እተኛለሁ። ውኃው የሚንጠባጠበው በኪራዩ እግሬ ላይ ስለሆነ ሳፋ አስቀምጬለታለሁ። ትናንት የሰኔን ከፍዬ ጠመኔውን ወደ 1 ሜትር ከ60 ገፋሁት። ልጄ፣ «አባባ፣ እንኳን ደስ አለህ፣ እየቀረብክ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። የሐምሌን ስከፍል ፍሳሹም የእኔ ይሆናል።