ሰው የማይፈልግ ክንፍ

ሞዴል አውሮፕላን በሬዲዮ መቆጣጠሪያ የሚያበርር ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ነገር ግን ጮክ ብሎ የማይናገረው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ለጀማሪ ተብሎ የተሠራ አውሮፕላን ከሁሉ ይልቅ ረግቶ የሚበረው ባለቤቱ ጣቱን ከመቆጣጠሪያው ላይ ሲያነሣ መሆኑ ነው። ነገሩ ከቁም ነገር የሚገባ አይመስልም፤ ሆኖም ለባትሪውና ለባልሳ እንጨቱ ገንዘቡን አፍስሶ፣ የዕረፍት ቀኑን ሠውቶ ሜዳ የወጣ ሰው፣ አውሮፕላኑ ያለ እርሱ እንደሚሻለው በዓይኑ እያየ ደስ ይበለው ማለት ግፍ ነው።

የዚህ ንቀት ምንጭ ዳይሄድራል የሚባለው፣ ሁለቱ ክንፎች ከመሐል ተነሥተው ወደ ጫፋቸው ከፍ የሚሉበት ማዕዘን ነው። አንዱ ክንፍ ሲያዘነብል አውሮፕላኑ ወደዚያው ጎን መንሸራተት ስለሚጀምር፣ ከጎን የሚመጣው አየር ዝቅ ያለውን ክንፍ ከሌላው በበለጠ ማዕዘን እየመታ መልሶ ያነሣዋል፤ የወፍጮ ቤቱን መንገድ የለመደች አህያ ራሷ ስትሄድ ባለቤቷ ከኋላ ሆኖ የነዳት እንደሚመስለው፣ ባለ መቆጣጠሪያውም ያበረረ ይመስለዋል።

ሰውና ክንፍ በዚህ ጉዳይ መቀያየም የጀመሩት ዛሬ አይደለም። ፈረንሳዊው አልፎንስ ፔኖ እ.ኤ.አ. በ1871 ፓሪስ በሚገኘው የቱይለሪ የአትክልት ስፍራ ያበረራት፣ በተጠመዘዘ ላስቲክ ኃይል የምትሠራው ትንሽ ሞዴል፣ የክንፎቿ ጫፎች ወደ ላይ የታጠፉ ነበሩና ማንም ሳይነካት 11 ሰከንድ ያህል በረረች። የራይት ወንድማማቾች የ1903 አውሮፕላን ግን ክንፎቹ በጥቂቱ ወደ ታች የወረዱ፣ አብራሪው ያለማቋረጥ ካልታገለው የማይረጋ ነበር፤ ኦርቪል ራይት ያደረገው የመጀመሪያው በረራም 12 ሰከንድ ፈጀ። ሰው ተሸክሞ የበረረው ይበልጥ መከበሩ ተገቢ ነው፤ ቢሆንም ሒሳብ የሚወድ ሰው፣ በ32 ዓመት ልዩነት ሰው በመጨመሩ የተገኘው ትርፍ አንድ ሰከንድ መሆኑን ቢያነሣ ሊወቀስ አይገባም። በ1937 ደግሞ የሚሺገኖቹ መንትዮች ዋልተርና ዊልያም ጉድ «ጉፍ» ያሏትን ሞዴል በሬዲዮ ትእዛዝ ካበረሩት ቀዳሚዎች መካከል ሆኑ፤ ሰው መሬት ላይ ቆሞ በአየር ላይ ጉዳይ ጣልቃ የሚገባበት በርም በዚያው ተከፈተ።

ከዚያ ወዲህ ዳይሄድራሉን ለመቀነስ የሚነሣው መጋዝ ሥራ አልፈታም። የክንፉ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 1 ሜትር ቢሆንና እያንዳንዱ ጫፍ 4.4 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ቢል ማዕዘኑ 5 ዲግሪ ነው፤ አሻሻዩ ክንፉን ከመሐል ይቆርጥና ጫፎቹን ወደ 1.7 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ወደ 2 ዲግሪ አውርዶ በሙጫ ይገጥመዋል። በክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ ኤሌሮን፣ ማለትም በአንዱ ክንፍ ሲነሣ በሌላው የሚወርድ ተንቀሳቃሽ ክፍል ከጨመረበት ሥራው ትርጉም አለው፤ አውሮፕላኑ የሚያዘነብለው በትእዛዝ ይሆናልና።

የማይታገሡት ግን ተዋጊ ጄት እንዲመስልለት ብቻ ክንፉን ጠፍጥፎ፣ ኤሌሮን መጨመሩን የሚተወውን ሰው ነው። በጅራቱ ላይ ቆሞ አፍንጫውን ግራና ቀኝ የሚያዞረው ራደር አውሮፕላኑን ሊያዘነብል የሚችለው በዚያው በተቆረጠው ዳይሄድራል አማካይነት ስለሆነ፣ እርሱ ከሌለ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ ጎን አዙሮ በአየር ላይ ይንሸራተታል እንጂ በቅጡ አይታጠፍም፤ ራሱን የማያርም፣ ለጌታውም የማይታዘዝ ሆኖ ከድጡ ወደ ማጡ ይወርዳል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ስብርባሪውን በፌስታል እየለቀመ «ነፋሱ ነው» የሚል ሰው ዝም ሊባል አይገባውም፤ ነፋሱ በዚያ ሜዳ ላይ የነበረው መጋዙ ሳይገዛ ነው፣ የበፊቱንም ክንፍ ሲሸከም ኖሯል።

ለነገሩ ኤሌሮን የጨመረውም ሰው ወዲያው አያርፍም። ወደ ታች የወረደውን ኤሌሮን ከተነሣው ይልቅ አየሩ ስለሚጎትተው አፍንጫው ወደ ተሳሳተው ጎን ይሳባል፤ ስለሆነም የሚነሣው ብዙ፣ የሚወርደው ጥቂት እንዲሆን ሰርቮውን፣ ማለትም ትእዛዙን ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጠውን ትንሽ ሞተር፣ ደጋግሞ ያስተካክላል፤ ይህን ሲያደርግ ፊቱ ላይ የሚነበበው ደስታ፣ አውሮፕላኑ ብቻውን ሲበር ከታየበት ኩርፊያ ጋር ሲነጻጸር፣ መጋዙን በመጠኑ ይቅር የሚያሰኝ ነው። ክንፉ ከአካሉ ጋር በላስቲክ ይታሰር ወይስ በብሎን ይጥበቅ የሚለው ክርክር ደግሞ አለ፤ አውሮፕላኑ ሲወድቅ ላስቲኩ ይለቃል፣ ስለዚህ ክንፉን ያተርፋል፤ ብሎኑ ያምራል፤ እንደተለመደው ብሎኑ እያሸነፈ ነው።